ከመሀል መስመር የገባው ጎል

በግንቦት ወር አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ከማጫውታቸው ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ አንድ የታተመ ወረቀት አገኘሁ። ርዕሱ «በፕሮፌሽናል የበረዶ ሆኪ ታሪክ የማይረሱ አሥር ቅጽበቶች» ይላል። ልጃቸው አባቷን ደስ ያሰኘች መስሏት ከኢንተርኔት አውጥታ ያመጣችው ነው። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቀይ እርሳስ ፈለግሁ።

አንደኛ ተብሎ የተቀመጠው የአሜሪካ ወጣቶች ሶቪየቶችን የረቱበት ጨዋታ ነበር። እነዚያ ወጣቶች አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ቡድን የመጡ አማተሮች ስለነበሩ በዚህ ርዕስ ሥር ቦታ የላቸውም። ወረቀቱ በዚህ ሳይበቃው ጨዋታውን «የወርቅ ሜዳሊያ ፍጻሜ» ይለዋል። ወርቁን ያገኙት ግን ከሁለት ቀን በኋላ ፊንላንዶችን ካሸነፉ ወዲያ ነው። ሁለተኛው፣ ጭምብል አድርጎ የተጫወተ «የመጀመሪያው» በረኛ ነው። ያ ሰው ፊቱን በዲስክ፣ ሆኪ በሚጫወቱባት ጠፍጣፋ ጎማ፣ ተመትቶ፣ ቁስሉን ተሰፍቶ፣ «ጭምብሌን ካላደረግሁ ወደ ሜዳ አልመለስም» ብሎ አሠልጣኙን ያስገደደ ጎበዝ መሆኑን እኔም አልክድም። የመጀመሪያው ግን አይደለም። ከእርሱ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ ሌላ በረኛ በቆዳ ጭምብል ጥቂት ጨዋታዎችን ተጫውቷል። የቀደመን ሰው ከታሪክ ለማስወጣት ይህን ያህል ቀላል ነው፤ አንዲት ቃል ትበቃለች።

«ፕሮፌሶሬ፣ ስንት ስሕተት አገኘህ?» አሉኝ ሽማግሌው ከወንበራቸው ሆነው። መምህር ሆኜ አላውቅም፤ ስሙን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

«ሰባት።»

«ከአሥር?»

«ከአሥር።»

«ታዲያ ጸሐፊውን ማን አባረረው? እኔን በአንድ ነው ያባረሩኝ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ያቺ አንዷ ምን እንደሆነች ለመናገር ሰውየውን ማስተዋወቅ አለብኝ። ሽማግሌው በሰሜን ጣሊያን ተራሮች መካከል በምትገኝ ትንሽ ከተማ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ለከተማይቱ ክለብ ደመወዝ እየተከፈላቸው የተጫወቱ የበረዶ ሆኪ በረኛ ነበሩ። አሁን ሰማንያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ሮም ውስጥ ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልባቸው ደካማ ነው፤ ጉልበታቸውም ከልባቸው አይሻልም። ጠዋት ጠዋት ቤቱን የምታሰናዳላቸው ባለቤቴ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ወደ ቤት ስትመለስ፣ «ይኼ ሰውዬ ስለ አንድ ጨዋታ ያወራል፤ ማንም አይሰማውም። ሮማ ውስጥ ከእግር ኳስ ሌላ ማን ያውቃል? አንተ አታውቀውም እንዴ? ያኔ በተማሪነትህ ሁልጊዜ የምታወራው እኮ ነው» አለችኝ።

አውቀዋለሁ። እኔ ምሕንድስና የተማርኩት በፕራግ ነው። የቼኮዝሎቫኪያ ቡድን ሶቪየቶችን በአንድ ውድድር ሁለት ጊዜ የረታበት መጋቢት ላይ፣ የሶቪየት ታንኮች ከገቡ ገና ዓመት ሳይሞላ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ውጤቱን በየግድግዳው ላይ ሲጽፍ ከተማሪዎች ማደሪያ ወርጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱም ቡድኖች በወረቀት አማተር ነበሩ፤ በወረቀት እላለሁ፣ ምክንያቱም ከሆኪ ሌላ ሥራ የሌለውን ወታደር አማተር ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ጨዋታውን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ዲግሪዬን የሚያውቅልኝ ቢሮ ግን በዚህ አገር እስከ ጡረታዬ አላገኘሁም። ይህን ሌላ ጊዜም ተናግሬዋለሁ፤ አልደግመውም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አብሬያቸው መቀመጥ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ እኛ የገና ጨዋታ ነገርኳቸው፤ ዱላው ጫፉ ቆልማማ መሆኑን፣ ሩሯን ለመለጋት ሁለት መንደር እንደሚሰለፍ፣ በረኛም ዳኛም እንደሌለ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ስለሚባል ሎሌ ጌታውን ቅልጥሙን ቢለው እንኳ እንደማይከሰስ።

«በእኛ አገር ጌታው ይቆጣል» አሉኝ። «እኔን ያባረረኝ የክለቡ ፕሬዚዳንት ነው። ሳይነካኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ሁለት ለሁለት እኩል ሆነው፣ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር። ከተቃራኒው ቡድን አንድ የደከመ ተጫዋች፣ ሊቀየር ወደ መቀመጫው ሲሄድ፣ ዲስኳን ከመሀል መስመር ዝም ብሎ ወደ ፊት ሰደዳት። እንዲህ ያለችውን ሕፃን ያቆማታል። በረኛው ዱላቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ፤ ዲስኳ በእግራቸው መካከል አልፋ ገባች። ዋንጫው ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ አላስፈረማቸውም፤ ሌላም ክለብ አልፈለጋቸውም። ሚስታቸው የሮም ሰው ስለነበሩ ተከትለዋቸው ወረዱና ዕድሜያቸውን በአማታቸው ሱቅ የወለል ንጣፍ ሲሸጡ ኖሩ። በትውልድ ከተማቸው እስከ ዛሬ የሚጠሩት «መሀል መስመር» በሚል ቅጽል ነው። የልጃቸው ባል ሳይቀር አንድ ጊዜ በገና ምሳ ላይ በዚህ ስም ጠርቷቸው ነበር፤ እኔ ብሆን ምሳውን አቋርጬ እነሣ ነበር።

የእሳቸው ቃል ግን ሌላ ነው። ከፊታቸው ቆሞ የነበረው ተከላካይ፣ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ዲስኳን ለማቆም ዱላውን ዘርግቶ በጫፉ ነካት፤ አቅጣጫዋም በአንድ ስንዝር ተለወጠ። ሰውነቱ ስለጋረዳቸው መነካቷን አላዩም፤ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ግን ሰሙ። ተከላካዩ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ምንም አላለም። በዓመቱ ትልቅ ክለብ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ከሃምሳ ዓመት የሚበልጥ ዝምታ።

ዝምታው የተሰበረው በዚያው ግንቦት ነው። ክለቡ የምሥረታ በዓሉን በነሐሴ መጨረሻ ሊያከብር፣ ለበዓሉም የታሪኩን የማይረሱ ቅጽበቶች የያዘ መጽሐፍ ሊያሳትም አሰበ፤ አንዱ ገጽ «ከመሀል መስመር የገባው ጎል» የሚል ነበር። ይህን የሰማው ተከላካይ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ በጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

«መሀል መስመር፣ በሕይወት አለህ?»

«አለሁ፣ አንተ እንጨት። ምን ፈለግህ?»

«ታምሜአለሁ። ነክቻት ነበር።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። ከዚያ «አውቃለሁ» አሉ። «ሰምቻታለሁ።»

«በበዓሉ ላይ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። መጽሐፉንም እንዲያስተካክሉት አደርጋለሁ። እስከዚያ ሐሙስ ሐሙስ እደውልልሃለሁ።»

«በስልክ አይሆንም፣ ቆመህ ነው የምትናገረው። እኔም አጠገብህ ቆሜ።»

«ቆመን» አለ ተከላካዩ፤ «ወንበር ከሰጡን ደግሞ ተቀምጠን።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሽማግሌው ሌላ ሰው ሆኑ። ጢማቸውን በየቀኑ መላጨት ጀመሩ፤ ግራጫ ልብሳቸውን ባለቤቴ አውጥታ እንድታናፍስ አዘዙ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከስልኩ አጠገብ አይነሡም ነበር። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ ጎል የእሳቸው ጥፋት አለመሆኗ በጓደኞቻቸው ፊት እንዲነገርላቸው። እኔም እንደ እሳቸው ፈልጌዋለሁ። የተጣመመ ነገር ሲቃና ማየት እወዳለሁ፤ በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

በሰኔ ሁለተኛው ሐሙስ ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው ከምሳ በኋላ ተኝተው ነበርና እኔ አነሣሁት። የሴት ድምፅ ነው፤ የተከላካዩ ሚስት ናቸው። ባላቸው ሌሊቱን አርፈዋል። ቀብሩ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ነው፤ የድሮዎቹ የቡድኑ ልጆች በሙሉ ይመጣሉ። «እባክዎን ይንገሯቸው፤ መምጣታቸውን እፈልጋለሁ» አሉኝ። «እነግራለሁ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። መኝታ ክፍሉን ገርበብ አድርጌ አየሁ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ያንኮራፋሉ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚህ ከተማ ላለፉት ሃያ ዓመታት ለአገሬ ሰው መርዶ ሲመጣ የሚጠሩት እኔን ነው። በዕድሜዬም በትምህርቴም ምክንያት ሥራው ወደ እኔ መጣ፤ እኔም በሥርዓት አስኬድኩት። ሐዘኑ የሚነገራት ሴት በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ጫፍ ካለው ባር እንሰባሰባለን፤ ዘመድ የሆነ፣ ጎረቤት የሆነ፣ የነፍስ አባት ከተገኘ እርሳቸው። ከዚያ አብረን ሄደን በሯን እናንኳኳለን። በስልክ አይነገርም። ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም። ከቀትር በኋላ አይነገርም፤ ሌሊቱን ብቻውን ከሐዘኑ ጋር ያድራልና። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ የእናቷን ሞት ትራም ላይ ሳለች በስልክ ሰምታ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱን አጠበቅሁት፤ መርዶው ሳይነገር «ነፍስ ይማር» ብለው ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉትን ወጣቶች ሰው ፊት ወቅሻለሁ። ሥርዓቱ ትክክል ነው። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

እናም ልበ ደካማውን ሽማግሌ ቀስቅሼ፣ ብቻቸውን ሳሉ፣ ከቀትር በኋላ፣ ልነግራቸው አልቻልኩም። ሲነቁ «ደወለ?» አሉኝ።

«እስካሁን አልደወለም» አልኳቸው። ይህ ቃል በቃል እውነት ነበር፤ ያ ሰው አልደወለም። በእንዲህ ያለ እውነት ራሴን ማታለሌን አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ስንት ዓመት በጣሊያኖች ቤት የሠራች ሴት ናት። «አሎራ፣ ለምን አልነገርከውም?» አለችኝ።

«በአማርኛ ተናገሪ።»

«በአማርኛ ነው የምልህ! እነሱ እንደኛ አይደሉም። ሰው ሲሞትባቸው ወዲያው ነው የሚባባሉት። በሁለት ቀን ይቀብሩታል፤ አይጠባበቁም።»

«ልቡ ደካማ ነው። ልጁ በሌለችበት አይነገርም።»

«ታዲያ ለልጁ ደውልላት።»

«መርዶ በስልክ?»

«ኤ ቫ ቤኔ! እሺ በቃ!» ብላ እጇን አወናጨፈችብኝ። «አንተ ሰው፣ ለእሷ እኮ አባቷ አልሞተባትም። የአባቷ ጓደኛ ነው። መርዶ ነጋሪውና ሐዘንተኛው ተቀላቀሉብህ?»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ሥርዓቱ ጀመርኩ፤ ስሸነፍ ልማዴ ነው። ይህንንም ታውቃለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

የሽማግሌው ልጅ ኦስቲያ ላይ ጃንጥላና የፀሐይ መሞቂያ አልጋ የሚያከራይ የባሕር ዳርቻ ሥፍራ ታስተዳድራለች። ዓርብ ጠዋት ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ወደ ኦስቲያ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርኩ። ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት ግድም አስቀመጠን፤ ምክንያቱን የነገረን የለም። ባለፎጣና ባለቁምጣ ወጣቶች መካከል እንደ ደብተራ ቆሜ ላቤ በአንገቴ ይወርዳል። አንዷ ልጅ «አያቴ፣ ሠርግ ነው?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት።

ስደርስ ልጅቷ የለችም፤ ዕቃ ልትገዛ ሄዳለች አሉኝ። ተቀጣሪው የስልክ ቁጥሯን ሰጠኝና «ደውልላት» አለኝ። «በአካል ነው የምፈልጋት» አልኩት። አንድ ወንበር በጥላ ሥር አስቀመጠልኝ፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ አመሻሹ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ አሸዋ በጫማዬ ሞልቶ ተቀመጥኩ። ባሕሩን አላየሁትም ብል ይሻላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የስልክ ቁጥሯ በኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስልኬም እንደዚሁ።

መጥታ ስታየኝ ፊቷ ነጣ። «አባቴ?»

«ደኅና ናቸው። ተቀመጪ።»

ነገርኳት። ቀብሩ መቼ እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት» አልኳት። ሰዓቷን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች፤ ከእግር እስከ ራስ፣ ኮቴን፣ ከረባቴን።

«መቼ ነው የሰሙት?»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ።»

«ትናንት ነግረውኝ ቢሆን ዛሬ ጠዋት በመኪና ወስጄው ነበር። ስምንት ሰዓት መንገድ ነው። አሁን እርሱን በዚህ ልቡ በሌሊት ላስኪደው?»

«በስልክ መናገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«በእናንተ ዘንድ!» አለች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ስትገልጠው ንዴቷ ወደ ድካም ተለውጧል። ልትደውልላቸው ስልኳን አወጣች። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ከመጀመሪያው የሚከፋውም ይኸው ነው። እጄን ስልኳ ላይ ጭኜ ለመንኳት። አሁን ቢሰሙ ሌሊቱን ብቻቸውን እንደሚያድሩ፣ ንጋት ላይ ሁላችንም ተሰብስበን ብንነግራቸው ልባቸው እንደሚችለው አስረዳኋት። በጥሩ ጣሊያንኛ፣ በተራ በተራ፣ ማስረጃ እየደረደርኩ። የተማረ ሰው አንደበት ያለው ጉዳት ይኸ ነው፤ ሲሳሳትም ያሳምናል። «እሺ፤ እናንተ የሽማግሌ ነገር ታውቁ ይሆናል» አለችኝ።

ቅዳሜ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እኔ፣ ባለቤቴና ልጃቸው በሩን ከፍተን ገባን። ነቅተው ነበር። ሦስታችንን አንድ ላይ ሲያዩ «ማን ነው የሞተው?» አሉ። እንደ አንድ የአገሬ ሽማግሌ ነገሩን ከሩቅ ጀመርኩት፤ ሰው ሟች መሆኑን፣ ዕድሜ ከእግዚአብሔር መሆኑን። ከአፌ ነጠቁኝ።

«እርሱ ነው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ቀብሩ?»

ልጃቸው «ዛሬ። በአራት ሰዓት» አለች።

አልጮሁም፤ ደረታቸውንም አልያዙም። ያን ሁሉ የፈራሁለት ልብ እንደ ማንኛውም ልብ ምቱን ቀጠለ። ተነሥተው ግራጫውን ሱሪ ለበሱ፤ ሸሚዙንም። አንደኛውን ቁልፍ ሲቆልፉ እጃቸው ቆመ። «ሌሊት ነው ያረፈው?»

«ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሌሊቱን» አልኩ።

«አንተ መቼ ሰማህ?»

«ሐሙስ። ተኝተው ሳሉ።»

«ከዚያ ስነሣ ጠየቅሁህ።»

«ጠይቀውኛል።»

አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። «ፕሮፌሶሬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በራፌ ላይ ቆመህ ምንም አላስገባህም» አሉኝ። «እኔ በዘመኔ እንዳንተ ጠብቄ ቢሆን ዋንጫው የእኛ ነበር። አሁን ውጣ።»

ወጣሁ። ባለቤቴ ደረጃውን ቀድማኝ ወረደች፤ ብትወቅሰኝ ይሻል ነበር።

ዐሥር ቀን አልሄድኩም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ባለቤቴ «ና ብሎሃል» አለችኝ። ሄድኩ። ሰላምታ አልተለዋወጥንም። የሟች ሚስት ደውለው እንደነበር ነገሩኝ። ሴትዮዋ ተቀይመዋል። ባላቸው ከማረፋቸው በፊት «እኔ ሳልናገረው ከሄድኩ፣ እርሱ ሬሳዬ አጠገብ ሲቆም አንቺ ተናገሪልኝ» ብለው አደራ ሰጥተዋቸው ኖሯል። የድሮው ቡድን በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሴትዮዋ በረኛውን በዓይናቸው ፈለጓቸው፤ አጧቸው። ይቅር ስላላሉት ቀሩ ብለው አሰቡ። አልተናገሩም።

«ምን አሏቸው?» አልኩ።

«ምንም። ሰበብ የሚደረድር በረኛ አልወድም።»

«እኔ እደውላለሁ።»

አልከለከሉኝም። ደወልኩ፤ የስልኩንም ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ለሟች ሚስት ጥፋቱ በሙሉ የእኔ መሆኑን፣ ሽማግሌው ምንም አለማወቃቸውን፣ የአገሬን ሥርዓት፣ ሐሙስን፣ ኦስቲያን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሴትዮዋ አላቋረጡኝም። በመጨረሻ «እንግዲያው ይቅር ብሎታል?» አሉ።

«አጠገባቸው ሊቆሙ ግራጫ ልብሳቸውን አሰናድተው ነበር» አልኩ።

ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ መጽሐፉ ገና እንዳልታተመ፣ ነገ ወደ አዘጋጁ ሄደው የባላቸውን ቃል እንደሚሰጡ፣ ገጹ እንደሚታረም ተናገሩ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ በጠረጴዛው ላይ እጄን ጨብጬ መታሁ። ያበላሸሁት ሊቃና ነው።

«አይሆንም» አሉ ሽማግሌው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

«ምን?» አልን እኔና ሴትዮዋ በአንድ ጊዜ።

«አትናገሪ። እርሱ ቆሞ ቢናገረው ኖሮ የእርሱ ነበር፤ ክብርም ይሆነው ነበር። አሁን ከሞተ በኋላ ሚስቱና በረኛው ተመካክረው ጥፋቱን ጣሉበት ይባላል። ልጆቹ እዚያው ከተማ ነው የሚኖሩት። እኔ ሮም ነኝ፤ ማንም በዚያ ስም አይጠራኝም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተከራከርኳቸው። እውነት በተናጋሪው መሞት ውሸት አትሆንም አልኩ። ካናዳውያኑ ፕሮፌሽናሎች ከሶቪየቶች ጋር ስምንት ጊዜ ገጥመው፣ በስምንተኛው ጨዋታ ሠላሳ አራት ሰከንድ ሲቀር ባስገቡት ጎል ስላሸነፉ፣ ያ ሰከንድ በትክክል ስለተመዘገበ ነው ዛሬ የምናወራው አልኩ። ስሕተት መሆኑ እየታወቀ የሚታተም ነገር ወንጀል ነው አልኩ። ሰሙኝ። ሲሰለቻቸው «ጨረስክ?» አሉኝ።

«አልጨረስኩም።»

«ለምን እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ቅዳሜን ልትመልስልኝ ትፈልጋለህ። አትችልም። ጻፍ።»

የመጽሐፉ አዘጋጅ ከገጹ ሥር የሚታተም አንድ መስመር በእጅ ጽሑፍ እንዲልኩለት ጠይቋቸው ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ልጽፍ፣ እሳቸው ሊፈርሙ ነው። ነጭ ወረቀት አወጣሁ። «ዲስኳ መጣች። አላቆምኳትም» አሉኝ። ጻፍኩ። ጠበቅሁ። «ሌላስ?» አልኩ።

«በቃ።»

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ማረም የሚችል የለም። ከቀይ እርሳሴ በታች ከወደቁት ወረቀቶች ሁሉ አንድም ስሕተት ያላገኘሁበት ይህ ነው፤ እንደዚህ ያበሳጨኝም ሌላ ወረቀት የለም። ፈረሙበት፤ ፊርማቸው ከጽሑፌ ራቅ ብሎ ወደ ታች አረፈ።

በማግሥቱ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄጄ ቁጥር ወስጄ ተቀመጥኩ። ከእኔ በፊት ዐሥራ ሰባት ሰው ነበር። ፖስታው አልታሸገም። ወረቀቱን አወጣሁት። በጽሑፉና በፊርማው መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ጽሑፉ የእኔ እጅ ነው፤ ቀለሙ አንድ ነው። «ተከላካዩ ነክቷት ነበር» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል። ከታተመ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ሽማግሌው ይቆጡ ይሆናል፤ ስማቸው ግን ይነጻል። ብዕሬን ከፈትኩ። ቁጥሮቹ እየተጠሩ ያልፋሉ።

ለእኚህ ሰው አንድ ጊዜ እኔ ወስኜላቸዋለሁ፤ ምን መቼ ማወቅ እንዳለባቸው፣ ልባቸው ምን እንደሚችል። ያኔም ልክ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ከአሁኑ ይልቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

ቁጥሬ ሲጠራ ብዕሬን ከደንኩ፤ ወረቀቱን እንዳለ አጥፌ መለስኩት፤ ፖስታውን በምራቄ አሸግሁት። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ በእጇ መዝና «ውስጡ ዋጋ ያለው ነገር አለ?» አለችኝ።

«ወረቀት ነው» አልኳት።